መኪናዎ ስንት ቁልፍ ያውቃል? መጠባበቂያ ቁልፍ የማሠራትና መኪናን ከስርቆት የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

ሁለተኛ ቁልፍ የሌለው ሰው ሁለት አደጋ ይዞ ነው የሚነዳው። አንደኛው ግልጽ ነው፦ ያለው አንድ ቁልፍ የጠፋ ቀን መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ልብ አይሉትም። መኪናው ያገለገለ ሆኖ ከተገዛ፣ ከፋብሪካ አብሮ የወጣው ሌላኛው ቁልፍ የት እንዳለ ገዢው አያውቅም። የቀድሞው ባለቤት መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ሾፌር ኪስ ውስጥም ሊሆን ይችላል። መኪና ደግሞ ባለቤቱን አይለይም፤ የሚለየው ቁልፉን ብቻ ነው።

ስለዚህ መጠባበቂያ ቁልፍ ማሠራትና መኪናን ከሌባ መጠበቅ መነሻቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ መኪና የሚቀበላቸው ቁልፎች ስንት ናቸው? እያንዳንዳቸውስ በማን እጅ ናቸው? ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት ለመመለስ የሚያግዙ ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልበል። የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ሌላ መጨመር ቀላል ነው። አንድም ቁልፍ ሳይቀር ማሠራት ግን ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው። መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል ወይም ባለሙያው መሣሪያውን ተሸክሞ ይመጣል፤ የቁልፉ ጥርስ ከበሩ ላይ ከባዶ ይነበባል፤ የመኪናው ኮምፒውተር ይከፈታል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ኮምፒውተሩ ካልተፈታ ወይም ካልተቀየረ መፍትሔ የለም። የወጪው ልዩነት ሰፊ ነው። ዛሬ ያለዎት አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ሌላውን ምክር ሁሉ ቢያቆዩትም ይህን አያቆዩት።

ደረጃ 1፦ የያዙት ቁልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ተራ የብረት ቁልፍ ጥርሱ ከገጠመ መኪናውን ያስነሳል፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ቺፕ ያለው ቁልፍ ሲታይ ከተራው ላይለይ ይችላል፤ ነገር ግን በፕላስቲክ ራሱ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ወይም ትንሽ ጠፍጣፋ ቺፕ አለች። ሦስተኛው ባለ ሪሞት ቁልፍ ነው፤ በሩን በርቀት ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን ተሰክቶ ነው የሚያስነሳው። አራተኛው ስማርት ቁልፍ ነው፤ ከኪስ ሳይወጣ በሩ ይከፈታል፣ ሞተሩም በአዝራር ይነሳል።

ቺፑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቁልፉ በሚሰካበት ቀዳዳ ዙሪያ የሽቦ ቀለበት አለ። ቁልፉ ሲዞር ቀለበቱ 125 ኪሎኸርዝ ገደማ የሆነ መግነጢሳዊ ሞገድ ይፈጥራል። ቺፑ ከዚያው ሞገድ ኃይል ስቦ ይነቃና ማንነቱን ይናገራል፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ኮምፒውተሩ በየጊዜው ለሚቀያይረው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። መልሱ ትክክል ካልሆነ ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም መኪናው ባላወቀው ቁልፍ እንዳይነሳ የሚከለክለው ክፍል፣ የነዳጅ ርጭቱን፣ የእሳት ብልጭታውን ወይም ሞተሪኖውን ይዘጋል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን፦ ቺፑ ባትሪ አይፈልግም። ባትሪው የሚያስፈልገው ለሪሞቱ ነው። በባለ ሪሞት ቁልፍ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ሪሞቱ ሞቶ ቺፑ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም ያጋጥማል።

ቺፕ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የቁልፉን ራስ ምግብ በሚጠቀለልበት ፎይል ደህና አድርገው ይጠቅልሉና ሞተሩን አንድ ጊዜ ብቻ ለማስነሳት ይሞክሩ። ካልተነሳ፣ ወይም ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ፣ ቺፕ አለው። ያለ ችግር ተነሥቶ ከቀጠለ መኪናዎን የሚጠብቀው ብረቱ ብቻ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ደረጃ 7ን ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ። ሙከራውን አይደጋግሙት፤ አንዳንድ መኪና የተሳሳተ ቁልፍ ሲበዛበት ለጊዜው ራሱን ይዘጋል።

በሞዴሉ ስም ብቻ አይተማመኑ። ኢሞቢላይዘር በአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1998 ነው፣ በአውስትራሊያ በ2001፣ በካናዳ በ2007። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ዓመተ ምርት ያላቸው ሁለት መኪኖች ለተለያየ ገበያ ስለተሠሩ ብቻ አንዱ ቺፕ ሊኖረው፣ ሌላው ላይኖረው ይችላል። በ2011 እና በ2021 መካከል ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ በርካታ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። የመሪው ሥር ሽፋን ከተሰበረ በኋላ ማስነሻቸው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ መዞር መቻሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ስርቆቱ አገር አዳረሰ። ኩባንያዎቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ማቅረብ የጀመሩት በ2023 ነው።

ደረጃ 2፦ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት መረጃውን ያሰባስቡ

የሚያስፈልጉት፦ በእጅዎ ያሉ ቁልፎች ሁሉ፣ ሊብሬው፣ መታወቂያዎ፣ የሻንሲ ቁጥሩ እና ካለ የቁልፍ ቁጥሩ።

የሻንሲ ቁጥሩ ከ1981 ወዲህ በተሠሩት አብዛኞቹ መኪኖች 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ስለዚህ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ወይም በበሩ ክፈፍ ላይ ይገኛል። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩት።

የቁልፍ ቁጥሩ መኪናው አዲስ ሲሸጥ ከቁልፎቹ ጋር በታሰረች ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ላይ የሚታተም ነው። ይህች ቁጥር የጥርሱ ልክ ናት፤ የያዘ ባለሙያ ቁልፉን ሳያይ መቅረጽ ይችላል። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሻጩን ምልክቷን ይጠይቁ፤ ብዙዎች ከንቱ መስላቸው ይጥሏታል። ካገኟት በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በቤት፣ ከሰነዶችዎ ጋር ያኑሯት።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ፎቶ። አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች ቁልፉን ከፍ አድርገው ተነሥተው ፎቶውን ለዓለም ያጋራሉ። ደስታው የሚገባ ነው፤ የጥርሱ ቅርጽ የሚታይበት ፎቶ ግን አይለጠፍም። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ያሉ ተመራማሪዎች ከ60 ሜትር ገደማ ርቀት ከተነሣ ፎቶ የበር ቁልፍን ልክ አንብበው ማስቀረጽ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ በየኪሱ ያለው ካሜራ ከዚያን ጊዜው ይልቃል።

ደረጃ 3፦ የት እና እንዴት ይሠራ?

አማራጩ ሦስት ነው፦ የመኪናው ወኪል፣ ልምድ ያለው ቁልፍ ቀራጭ፣ አልፎ አልፎም ራስዎ። ወኪሉ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ትክክለኛውን ቁልፍ በሻንሲ ቁጥር ያዝዛል። ቁልፍ ቀራጭ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ እኔ በግሌ ቋሚ ቦታ ያለውና የባለቤትነት ማስረጃ የሚጠይቅ ባለሙያ እመርጣለሁ። ማስረጃ ሳይጠይቅ የሚሠራ ሰው ለሌላውም ሳይጠይቅ ይሠራል ማለት ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው፦ ጥርሱ የሚቀረጸው ከያዝኩት ቁልፍ ላይ ተቀድቶ ነው ወይስ በልኩ ቁጥር? ያረጀ ቁልፍ ሲቀዳ እርጅናውም አብሮ ይቀዳል። ለዓመታት የተፋተገ ቁልፍ ከራሱ በር ጋር ተላምዷል፤ ቅጂው ግን ትንሽ ስሕተት ሲጨመርበት ይነክሳል፣ ይንቀጫቀጫል፣ አንድ ቀንም ቀዳዳው ውስጥ ይሰበራል። የቁልፍ ቁጥሩ ካለዎት በቁጥሩ ይቀረጽ። ከሌለዎት ባለሙያው ያረጀውን ቁልፍ ለክቶ ወደ ፋብሪካው ልክ ሊመልሰው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ ቺፑን ኮፒ ነው የምታደርገው ወይስ አዲስ ቺፕ ኮምፒውተሩ ላይ ፕሮግራም ታደርጋለህ? በኮፒ የሚሠራው ቁልፍ የነባሩን ማንነት ይዞ ይወጣል፤ መኪናው ሁለቱን እንደ አንድ ቁልፍ ነው የሚያያቸው። ጥቅሙ ሥራው አጭር መሆኑና የመኪናው ኮምፒውተር አለመነካቱ ነው። ጉዳቱ ግን አንዱ ቢጠፋ እሱን ብቻ ለይቶ መሰረዝ አለመቻሉ ነው፤ የጠፋውን ሲሰርዙ በእጅዎ ያለውም አብሮ ይሞታል። ፕሮግራም የተደረገው ግን የራሱ ማንነት ስላለው በቁጥር ይታወቃል፣ ሲያስፈልግም ይሰረዛል። መኪናው ከፈቀደ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይምረጡ። ትንሽ ቢያስወጣም ለስርቆት መከላከያው ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው።

ፕሮግራም በሚደረግበት ቀን ያሉዎትን ቁልፎች በሙሉ ይዘው ይሂዱ። በብዙ መኪኖች ላይ አሠራሩ መዝገቡን አጽድቶ እዚያ የተገኙትን ቁልፎች እንደ አዲስ መመዝገብ ነው፤ ቤት የቀረ ቁልፍ መኪናው ሳያውቀው ይቀራል። የመኪናው ባትሪም ደህና ይሁን። በሥራው መሐል ኃይል ቢወርድ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ስለሚችል ጠንቃቃ ባለሙያ ቻርጀር ያስራል።

ሪሞት ወይም ስማርት ቁልፍ የሚገዙ ከሆነ የሞገዱን መጠን ያረጋግጡ። ለሰሜን አሜሪካና ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች 315 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ 433.92 ሜጋኸርዝ ይጠቀማሉ። መልኩ አንድ ሆኖ ሞገዱ ከተለያየ መኪናው አይሰማውም። ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ስማርት ቁልፍም ቢረክስ አይቸኩሉ፤ ብዙዎቹ አንዴ ከተመዘገቡበት መኪና ጋር ስለሚቆራኙ ልዩ ሥራ ካልተሠራላቸው ሌላ መኪና ላይ አይገቡም።

ራስዎ ማድረግ የሚችሉበት አጋጣሚም አለ። አንዳንድ መኪኖች፣ ለምሳሌ በርካታ የቆዩ የፎርድ ሞዴሎች፣ ሁለት የተመዘገቡ ቁልፎች በእጅዎ ካሉ ሁለቱን በተራ በማስገባት ሦስተኛውን ያለ መሣሪያ ለመመዝገብ ይፈቅዳሉ። ቅደም ተከተሉ በመኪናው የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ይህ በር የሚዘጋው አንዱ ቁልፍ በጠፋ ቀን ነው።

ደረጃ 4፦ አዲሱን ቁልፍ እዚያው ይፈትኑት

ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ከፍለው አይሂዱ። በብረቱ እያንዳንዱን በር፣ የኋላውን የዕቃ መጫኛ፣ ካለም የዳሽቦርዱን መሳቢያና የነዳጅ ክዳኑን ይክፈቱ። ቁልፉ ሳይገፋ፣ ሳይነቀነቅ መዞር አለበት። ከዚያ አሮጌውን ቁልፍ ከመኪናው ያርቁ፤ አጠገቡ ካለ ሥራውን እሱ እየሠራ አዲሱ የሠራ ሊመስል ይችላል። መኪናውን ቆልፈው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በአዲሱ ብቻ ይክፈቱና ያስነሱ። በመጨረሻ አሮጌው ቁልፍም አሁንም እንደሚሠራ ያረጋግጡ።

ስማርት ቁልፍ ከሆነ አንድ ሙከራ ይጨመራል። ባትሪውን አውጥተው ቁልፉን ከማስነሻ አዝራሩ ጋር አስጠግተው ወይም በመመሪያው በተጠቀሰው ቦታ አስቀምጠው ያስነሱ። ቺፑ ያለ ባትሪ ስለሚናገር መነሳት አለበት። በቁልፉ ውስጥ የተደበቀውን የብረት ምላስ ያውጡና በሩን ይክፈቱበት፤ በአንዳንድ መኪና የቁልፉ ቀዳዳ በእጀታው ላይ ባለች ክዳን ሥር ተሸፍኗል። ይህን በሰላም ቀን ያልሞከረ ሰው ባትሪው በጨለማ ሲሞትበት መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል።

የባትሪውን ዓይነት ይመዝግቡ። ሲአር 2032 ከተባለ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ሲአር 2025 ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ 2.5 ሚሊሜትር ይወፍራል። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፣ ነገር ግን ቀጭኑን በወፍራሙ ቦታ ቢያስገቡ ይላላና እየቆየ ይቋረጣል።

ደረጃ 5፦ መጠባበቂያው የት ይቀመጥ?

የማይቀመጥበትን ልጀምር። መኪናው ውስጥ አይቀመጥም፤ ስማርት ቁልፍ ከሆነ በሩ ራሱ ሊከፈት፣ ሞተሩም ሊነሳ ይችላል። በማግኔት ሣጥን ከመኪናው ሥር አይለጠፍም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚዳስሰው ቸርኬው ላይና የፊት መከላከያው ሥር ነው። ከዋናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አይታሰርም፤ አብሮ ይጠፋልና። ስም፣ አድራሻ ወይም የታርጋ ቁጥር አይጻፍበትም።

ጥሩው ቦታ ከቤቱ መግቢያ የራቀ፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው የተቆለፈ መሳቢያ ነው፤ ወይም በሌላ ቤት የሚኖር ሙሉ እምነት የሚጣልበት ሰው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ስማርት ቁልፍ ከሆነ ባትሪውን አውጥተው አብረው በከረጢት ያስቀምጡት። ባትሪ የሌለው ቁልፍ ከሩቅ ለሚላክ ጥሪ አይመልስም፤ ሲያስፈልግ ግን በቺፑ ያስነሳል። በየጥቂት ወሩ ደግሞ አውጥተው አንድ ቀን ይንዱበት።

አንዳንድ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው ሞተሩን የሚያስነሳና የሾፌሩን በር የሚከፍት፣ የኋላውን የዕቃ መጫኛና የዳሽቦርዱን መሳቢያ ግን የማይከፍት ተጨማሪ ቁልፍ ይዞ ነው። ለላቫጆ፣ ለጋራዥና ለመኪና ጠባቂ የሚሰጠው እሱ ነው። ባይኖርም የመኪናውን ቁልፍ ከቀለበቱ ነጥለው ይስጡ። የቤት ቁልፍ ከመኪና ቁልፍ ጋር ተያይዞ ለሰው ሲሰጥ ማየት ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል፤ የመኪናው ሰነድ ላይ አድራሻው አለ፣ ቁልፉ ደግሞ በሩን ይከፍታል።

ደረጃ 6፦ መኪናው የሚያውቃቸውን ቁልፎች ያስቆጥሩ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቁልፍ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ በአብዛኞቹ ባለ ቺፕ መኪኖች ላይ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ ያነባል። ባለሙያውን ቁጥሩን ያሳየኝ ይበሉት። በእጅዎ ሁለት ቁልፍ ይዘው ስክሪኑ ላይ አራት ካዩ፣ ሁለት ሰው መኪናዎን ማስነሳት ይችላል ማለት ነው። በኮፒ የተሠራ ቁልፍ በቁጥሩ እንደማይታይም ያስታውሱ፤ ቆጠራው ልክ ቢመጣ እንኳ የነባር ቁልፍ ቅጂ የለም ማለት አይደለም።

ቁጥሩ ባይገጥም ሁሉም ይሰረዝና በእጅዎ ያሉት ብቻ እንደ አዲስ ይመዝገቡ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በባለቤትነት ዝውውሩ ሳምንት ይህን ማድረግ አለበት። አሮጌ ቁልፎች ኮፒ ይኖራቸው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ በአዲስ ቺፖች ተመዝግቦ አሮጌዎቹ ከነአካቴው ይውጡ። ሾፌር ሲለቅ፣ ቁልፍ ሲጠፋ፣ ቁልፉ ጠፍቶ ከቀናት በኋላ በእንግዳ ሰው እጅ ሲገኝም እንዲሁ።

መሰረዝ ግን ቺፑን ነው የሚገድለው፤ ብረቱ አሁንም በሩን ይከፍታል። የጠፋው ቁልፍ የእርስዎ መሆኑን በሚያውቅ ሰው እጅ የገባ ከመሰለዎት የበሩ ቁልፍ ቤት ይፈታና በውስጡ ያሉት ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች ቦታቸው ተቀያይሮ ለአዲስ ጥርስ ይስተካከል። ቁልፍ ቤቱን በሙሉ ከመቀየር ይቀላል።

ቁልፉ ዛሬ ጠፍቶ ባለሙያው የሚገኘው ነገ ከሆነ ሌሊቱን እንዲህ ይሻገሩት፦ መኪናውን ከተለመደው ቦታ ያንሱ፤ መሪው እንዳይዞር የሚቆልፈውን የመሪ ብረት ያስሩ፤ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ነቅለው ይግቡ። የትኛው እንደሆነ በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል።

ደረጃ 7፦ ሌባው የሚመጣበትን መንገድ አውቀው ይዝጉ

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ቁልፉን ባለቤቱ ራሱ ሲሰጠው ነው። ሞተር እንዲሞቅ አስነሥቶ ወደ ቤት መመለስ፣ ነዳጅ ሲቀዳ ቁልፉን መተው፣ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ መውረድ። ምንም ኢሞቢላይዘር የተነሳ መኪናን አይጠብቅም። ስማርት ቁልፍ ያለው መኪናም ቁልፉ ከውስጡ ስለራቀ ብቻ ሞተሩ አይጠፋም፤ በመንገድ ላይ በድንገት መጥፋት አደገኛ ስለሆነ አምራቾቹ ሆን ብለው እንዲቀጥል አድርገውታል። ሌባው ነዳጅ እስኪያልቅ ይነዳዋል።

ሁለተኛው፣ ሪሞቱን ተጭነው ሲሄዱ ሞገዱን የሚያፍን መሣሪያ የያዘ ሰው መልእክቱ መኪናው ጋር እንዳይደርስ ማድረጉ ነው። መፍትሔው ምንም አያስወጣም፦ ፍሬቻው ብልጭ ሲል ይዩ፣ የበሩን እጀታ ስበው ይሂዱ።

ሦስተኛው መንገድ በስማርት ቁልፎች ላይ የሚፈጸመው የሞገድ ቅብብል ነው። አንዱ ሌባ ከመኪናው አጠገብ፣ ሌላው ከቤትዎ በር አጠገብ ይቆማል። የመጀመሪያው መሣሪያ የመኪናውን ጥሪ ተቀብሎ ለሁለተኛው ያስተላልፋል፣ ሁለተኛው በር አጠገብ ለተቀመጠው ቁልፍ ያሰማዋል፣ ቁልፉም ባለቤቱ መኪናው ጋር የቆመ መስሎት ይመልሳል። መኪናው ተከፍቶ ይነሳል፤ የተሰበረ መስታወት የለም። የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2011 የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች ፈትነው ሁሉም በዚህ መንገድ ተታልለዋል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አምራቾች ሳይነካ የቆየ ቁልፍ እንዲተኛ የሚያደርግ የእንቅስቃሴ መለኪያ ጨምረዋል፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ሞገዱ የተጓዘበትን ጊዜ ለክተው ርቀቱን የሚያውቁ ሆነዋል። የእርስዎ እነዚህ ከሌሉት ቁልፉን ሞገድ በሚያግድ ቦርሳ ወይም በደንብ በሚከደን የብረት ቆርቆሮ ያኑሩት። ቦርሳው እውነተኛ መሆኑን ለመፈተን ቁልፉን ከተው ወደ መኪናው ይሂዱና እጀታውን ይንኩ፤ ከተከፈተ ቦርሳው ዋጋ የለውም። ጨርቁ እየታጠፈ ስለሚያረጅ ፈተናውን አልፎ አልፎ ይድገሙት። በብዙ መኪኖች ያለ ቁልፍ የመክፈቱን አገልግሎት ከቅንብሩ ማጥፋትም ይቻላል፤ የማይጠቀሙበት ከሆነ ያጥፉት።

አራተኛው፣ ሌባው መስታወት ሰብሮ ወይም በሩን ፈልቅቆ ገብቶ ከመሪው በታች ባለው የምርመራ መሰኪያ፣ ኦቢዲ በሚባለው፣ መሣሪያ ሰክቶ ለራሱ አዲስ ቁልፍ መመዝገቡ ነው። ቁልፍ ቀራጩ ለእርስዎ የሚሠራበት በር ለሌባውም በር ነው። መሰኪያውን የሚቆልፍ የብረት ሽፋን ይገኛል፤ ሌባውን ባያስቆመውም ማዘግየቱ ራሱ ይጠቅማል።

አምስተኛው አዲሱ ነው። በ2022 ለንደን ውስጥ የአንድ የመኪና ደኅንነት ተመራማሪ ቶዮታ ራቭ4 ተሰረቀ። ሰውዬው ሲመረምር ሌቦቹ የፊት መብራቱን ሽቦ ነቅለው በዚያ በኩል ወደ መኪናው የውስጥ መረብ ገብተው «ቁልፉ እዚህ አለ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት እንደላኩ ደረሰበት፤ ግኝቱ በ2023 ይፋ ሆነ። እንዲህ ካለው ሌባ ቁልፍን መሸፈን አያድንም።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ገንዘብዎን ለሚታይ ብረት ያውጡ የምለው። የመሪ ብረት፣ የማርሽ መቆለፊያ ወይም የጎማ መቆለፊያ ከየትኛውም ኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም፤ ሌባው ለማለፍ ጊዜና ጉልበት ይጠይቀዋል፣ በመስታወቱ አሻግሮ ሲያየውም ጎረቤቱን መኪና ይመርጣል። ቺፕ ለሌለው መኪና ይህ ግዴታ ነው። መሪ ቆላፊ ባለው የቆየ መኪና ላይ ደግሞ ቁልፉን ካወጡ በኋላ መሪውን ትንሽ አዙረው «ቀጭ» ማለቱን ይስሙ።

ቀጥሎ የተደበቀ ማጥፊያ ይመጣል። ሞተሪኖው መስመር ላይ ወይስ ነዳጅ ፓምፑ ላይ ይግባ? ሁለቱም ጎን አላቸው። ሞተሪኖው ላይ የገባ ማጥፊያ እየነዱ ቢበላሽ ምንም አያደርግም፤ ነገር ግን በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል። ነዳጅ ፓምፑ ላይ የገባው ግፊቱን ይከላከላል፣ መኪናው ተነሥቶ ጥቂት እንደሄደ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሥራው ልል ከሆነ በፍጥነት መንገድ ላይ ሞተር ሊያጠፋብዎት ይችላል። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ሞተሪኖውን እመርጣለሁ። በእጅ ከሆነ ፓምፑ ይሁን፣ ነገር ግን በትክክለኛ ሪሌና ውፍረቱ በሚበቃ ሽቦ፣ ጠንቃቃ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ማብሪያውን ከመሪው ሥር አያድርጉት፤ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ቦታውንም መኪናውን ለሚያጥበው ሰው አይንገሩ።

ማንቂያ ደወል ካለዎት የኮፈኑ መክፈቻ ሽቦ ከውጭ በቀላሉ የማይሳብ መሆኑን ያስመርምሩ፤ የባትሪው ገመድ ከተቆረጠ የራሱ ባትሪ የሌለው ደወልና ክላክስ ዝም ይላሉ።

የጂፒኤስ መከታተያ ስርቆትን አይከለክልም፤ ከስርቆት በኋላ ነው የሚያገለግለው። የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው፣ የሲም ካርዱ ሒሳብ አይቋረጥ። በብሉቱዝ የሚሠሩት ትናንሽ መከታተያዎች የሚተማመኑት በአካባቢው በሚያልፉ ስልኮች ላይ ነው፤ ከዚህም በላይ ለሰዎች ደኅንነት ሲባል የማያውቁት መከታተያ አብሯቸው ሲጓዝ ስልካቸው እንዲያስጠነቅቃቸው ተደርጓል፤ ሌባውም ማስጠንቀቂያው ሊደርሰው ይችላል። እንደ ተጨማሪ ይያዙት እንጂ ብቻውን አይመኑት።

ደረጃ 8፦ ከተሰረቀ

መጀመሪያ አለመጎተቱን ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል አለመውሰዱን ያጣሩና ወዲያውኑ ለፖሊስ ያመልክቱ። በዚያ ሰዓት የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ታርጋ፣ የመኪናውን ልዩ ምልክት የሚያሳዩ ፎቶዎች በእጅ መኖር አለባቸው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ከመኪናው ውጭ በሆነ ቦታ ያዘጋጇቸው። ጭረቱን፣ የተሰነጠቀውን ስፖኪዮ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ስፌት ፎቶ ያንሱ፤ ታርጋ ይቀየራል፣ እነዚህ ግን ይቆያሉ።

መከታተያው ቦታውን ካሳየዎት ለፖሊስ ያስረክቡ። ብቻዎን ወይም ከጓደኞች ጋር አይሂዱ።

ኢንሹራንስ ካለዎት ኩባንያው የመኪናውን ቁልፎች በሙሉ እንዲያስረክቡ ሊጠይቅዎት ይችላል። አንዱ ከጎደለ የት እንደሄደ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል፤ ቁልፍ የጠፋበትንና ከመዝገቡ የተሰረዘበትን ቀን የሚያሳይ የባለሙያ ደረሰኝ ያኔ ትልቅ ማስረጃ ነው። ደረሰኙን ከሊብሬው ቅጂ ጋር ያኑሩት።

መኪናው ከተገኘም ተቀብለው በቀጥታ ወደ ቤት አይንዱት። ሌባው የራሱን ቁልፍ መዝግቦ፣ ወይም ከምርመራ መሰኪያው ኋላ መሣሪያ ደብቆ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ መኪና ሁለተኛ ጊዜ ለመውሰድ አይቸግረውም። መዝገቡ ይነበብ፣ የማይታወቅ ቁልፍ ይሰረዝ፣ ከመሪው በታችና ከፊት መብራቶቹ ኋላ ያለው ሽቦ ይፈተሽ፤ ቁልፍ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ከነበረም የበሩ ቁልፍ ቤት ጥርሱ ይቀየር።